ለተቆጣጣሪዋ የተበተነ ዳቦ

አንድ ሰው ነበር፤ ምግብ አብሳይ። የሚሠራው ባሕር መሐል ነው፤ ነዳጅ በሚቆፈርበት የብረት መድረክ ላይ። መቶ ሰው ያበላል፤ በስሙ "ደበላ" ብሎ የሚጠራው ግን ሸምሱ የሚባል ሳህን አጣቢ ብቻ ነበር። ለሌላው "ሽንኩርት" ነው። እንዲህ ዓይነቱን ሰው ታውቁታላችሁ፤ ከየቤታችሁ አይጠፋም።

አንድ ቀን አለቃው ራሱ ማዕድ ቤት ድረስ ወረደ። "ነገ የባሕሩን ደህንነት የምታይ ተቆጣጣሪ ትመጣለች። ጀልባዋ ብቅ ስትል የተረፈውን ዳቦ ሁሉ ባሕሩ ላይ በትን" አለው።

መጀመሪያ ደስ አለው። አለቃ ሲያነጋግረው በሁለት ዓመቱ ነው! ኋላ ግን ነገሩ ከነከነው። ለተቆጣጣሪ ዳቦ ምኗ ነው?

ጥቂት ጣለና ሞከረ። ዓሣው ከየት መጣ ሳይባል ውኃውን ሞላው። ዳቦው አለቀ፤ ዓሣውም ሄደ። ለምን አልቆየም? ከታች የሚበላ የለም እንዴ?

ይህ ሰው ያደገው ዝዋይ ሐይቅ ዳር ነው። አባቱ መረብ ከመጣላቸው በፊት ቆርቆሮ በገመድ አስረው ከሐይቁ ወለል ጭቃ ያወጡ ነበር። ትል ካለበት መረቡን ይጥላሉ፤ ከሌለበት ጀልባቸውን ያዞራሉ። እሱም የቲማቲም ጣሳ ላይ ከባድ ብሎን አሰረና ወደ ታች ሰደደ።

"ጋሽ ደበላ፣ ዓሣው አልበቃ ብሎህ ጭቃ ማጥመድ ጀመርክ?" አለ ሸምሱ።

"አፍህን ትተህ ገመዱን ያዝ!"

ጣሳው ወጣ። ከነዳጁ ጉድጓድ እያወጡ ባሕሩ ውስጥ የሚደፉት፣ ኬሚካል ያለበት ግራጫ ጭቃ ነው። ጋዝ ጋዝ ይላል። በጣቱ አገላበጠው። ትል የለም። ዛጎል የለም። በሌላው ማዕዘን ሰደደ። የለም! በአራቱም ሞከረ። የለም!

የሸምሱ ቀልድ ጠፋ። "ጋሼ፣ በልጆችህ አምላክ፣ ይህን እንዳታወራ። ያባርሩሃል።"

ጠዋት ተቆጣጣሪዋ መጣች። ዳቦውን በተነ። አዎ፣ በተነ! ባሕሩ በዓሣ ተርመሰመሰ። ፎቶ አነሳች። አለቃው ፈገግ አለ፦ "እንደምታዪው ባሕሩ ደህና ነው።"

ልትጽፍ ስትል ወደ ምግብ አብሳዩ ዞረች። "እዚህ ሁልጊዜ ዓሣ አለ?"

አለቃው አፈጠጠበት። የአብሳዩ ሦስት ልጆች የሚማሩት በዚህ ደመወዝ ነው።

"እመቤቴ፣ የመጣው ለዳቦዬ ነው" አለ። "ባሕሩን ማየት ከፈለጉ፣ ይኸው።" ጣሳውን ከነጭቃው ፊቷ አስቀመጠው።

በቀጣዩ ጀልባ ተባረረ። ጣሳው ግን ከእሷ ጋር ሄደ።

ለምን ተናገረ? ጀግና ስለሆነ ነው? አይደለም። ስለጠየቀችው ነው! በሁለት ዓመት ውስጥ "ምሳው ምንድን ነው" ከማለት አልፎ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

ወገኖቼ፣ ከባሕር በታች ያለችውን ትል የፈጠረ ማነው? እዚያ የተደፋውን እሱ የማያይ ይመስላችኋል? እናንተስ? የንስሐ አባት ሲመጣ፣ ሽማግሌ ሲመጣ፣ ዳቦ ትበትናላችሁ። ፈገግታው፣ ግብዣው፣ "ግቡ፣ ግቡ" ማለቱ! ሰውም አይቶ "ደህና ቤት ነው" ብሎ ይሄዳል። ዓመት ሙሉ የደፋችሁት ስድብ የት የደረሰ ይመስላችኋል? የደፋችሁት ንቀት ሟሟ?

ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ፣ ልብሳችሁን የምታጥበውን ሴት፣ በር የሚከፍተውን ዘበኛ ጠይቁ። በስማቸው ጥሯቸውና፣ ስማቸውን ካወቃችሁት፣ "እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?" በሏቸው።

ፈርተው መሬት መሬት ካዩ፣ መልሱን ሰምታችኋል።