የወይዘሪት ሚዳቋ ሰማያዊ አበባ

አንድ ጊዜ ወይዘሪት ሚዳቋ ለማንም ተንፍሳው የማታውቅ ምስጢር ነበራት። ትምህርት ቤት ገብታ የተማረች፣ እንግዳ ሲያያት ጆሮዋ የሚቀላ ዓይነ አፋር ነበረች። በጓሮዋ ላርክስፐር የሚባል ሰማያዊ አበባ ታበቅላለች። ችግኙ ከቦታው ሲነቀል ስለሚያኮርፍ ዘሩን እዚያው በሚያድግበት መደብ ትዘራለች፤ ቁመቱ ሲመዘዝ ደግሞ ንፋስ እንዳይሰብረው በሸምበቆ ትደግፈዋለች።

ጎረቤት «እንዴት እንዲህ አማረልሽ?» ሲላት፣ መሬት መሬት እያየች «መጽሐፍ አንብቤ ነው» ትላለች።

መጽሐፉስ ነበረ፤ አበባውን ያሳመረው ግን የአያ አህያ ፋንድያ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ አያ አህያ ወንዝ ሲወርድ ቅርጫቷን በነጠላ ሸፍና ከኋላው ትከተላለች። ዞር ሲል ቅጠል የምትለቅም ትመስላለች። የለቀመችውን አብላልታ፣ አፈር ሲመስል ለአበባው ትሰጣለች። «የተማረች ሴት ከአህያ ጅራት ሥር!» እንዳትባል ግን በሆዷ ይዛው ኖረች።

አንድ ቅዳሜ አበባው ሲፈነዳ ጎረቤቱ ሁሉ ሊያይ መጣ። እመት ቀበሮ አያ ጅቦን ወደ አጥሩ ጥግ ሳበችው።

«ይህ አበባ መርዝ ነው። አህያው አንዴ ይጉረሰው እንጂ እዚያው ይዘረጋልሃል። ጉበቱን ለእኔ።»

«ሌላውስ?»

«ላንተ።»

«ጅራቱም?»

«ጅራቱም፣ አንተ ሆዳም! ዝም ብለህ ጠብቅ።»

ከዚያ ወደ አህያ ጠጋ ብላ «አያ አህያ፣ ይህን የቀመሰ ሳይማር ሊቅ ይሆናል» አለችው። አህያ አፉን ከፈተ።

«ይተዉ! መርዝ ነው!» ብላ ጮኸች ሚዳቋ።

«ሰማሃት? ብቻዋን ሊቅ ልትሆን!» አለች ቀበሮ።

«እውነትሽን ነው» አለ አህያ። «ለእኔ ዕድሜ ልክ ጭነት፣ ለእሷ መጽሐፍ! አንዲት ዘለላ እንኳ ትሰስትብኛለች?» ከንፈሩ አበባውን ነካ።

የሚዳቋ ጆሮ በርበሬ መሰለ። «ሊቅነት የለበትም! ያሳደገው የእርስዎ ፋንድያ ነው! ሦስት ዓመት እየተከተልኩ የለቀምኩት እኔ ነኝ!»

አህያ አበባውን አሸተተ፤ ደግሞ አሸተተ።

«እኔ ደግሞ» አለ ቅር ብሎት፣ «ወዳኝ የምትከተለኝ መስሎኝ! በይ፣ የራሴንማ አልበላም።» ወደ ኋላ አፈገፈገ፤ ጎረቤቱ ሁሉ በሳቅ ፈነዳ።

አያ ጅቦ ግን ምሳው ሲያመልጠው ጊዜ ከአጥሩ ጥግ ዘሎ መጣ። «ፋንድያም ቢሆን ለእኔ!» ብሎ፣ መርዝ መባሉን ረስቶ ሁለት ዘለላ ጎረሰ። ብዙም ሳይቆይ ሆዱን ይዞ፣ የሄደበትን መንገድ ሁሉ ማዳበሪያ እያለበሰ ወደ ጫካ ሮጠ። ከኋላው የሮጠችው እመት ቀበሮም ንጹሕ ሆና አልገባችም።

በማግስቱ ጠዋት ወይዘሪት ሚዳቋ ቅርጫቷን ነጠላ ሳታለብስ ሄዳ የአያ አህያን በር አንኳኳች። «እንደምን አደሩ?» አለች፣ ጆሮዋ እንደቀላ። «ዛሬስ ይኖርዎት ይሆን?»

ከዚህ የምንማረው ለአበባችን ሲጨበጨብልን፣ ፋንድያው የማን እንደሆነ ቶሎ መናገር እንደሚሻለን ነው።