ገመድ ያዥ የተባለው መሻገሪያ

ከወይራምባ ገበያ በታች ያለውን የወንዝ መሻገሪያ ያገሩ ሰው ገመድ ያዥ ይለዋል። እዚያ ከብት የሸጠ ሰው ዋጋው እስኪገባለት ገመዱን ሳይለቅ ከገዢው ጋር እስከ ውሃው ዳር ይወርዳል፤ ያልተከፈለበት ከብት አይሻገርም።

እንደሚነገረው፣ ልማዱ የመጣው ትሁኔ በምትባል የሁለት ልጆች እናት ነው። ክረምቱ ሳይወጣ ጎተራዋ ቢሟጠጥባት፣ ከጥማድ በሬዎቿ አንዱን ባላምባራስ ደርሶ ለሚባሉ የማዶ ሰው በአራት ዳውላ ጤፍ ሸጠች። እሳቸውም ጤፉን ከቤት እልካለሁ ብለው፣ በሬውን ለቅጥር ነጂ ሰጥተው ጠላ ቤት ገቡ ይባላል። ብዙም ሳይቆይ አንዲት ጎረቤቷ የባላምባራስ ጎተራ ባዶ እንደሆነ፣ አበዳሪዎችም ደጃቸው ተቀምጠው የገባውን ከብት ሁሉ እየነዱ እንደሚወስዱ ነገረቻት። ትሁኔ ወደ ወንዙ ቁልቁል ሮጠች። ስትደርስ የበሬው የፊት እግሮች ማዶ ወጥተዋል፣ የኋላዎቹ ገና ውሃ ውስጥ ናቸው፤ ገመዱን ጨብጣ ቆመች።

ባላምባራስ ተጠርተው መጡና የተሸጠ ተሽጧል፣ በሬው የኔ ነው አሉ።

«የእርስዎ ነው ጌታዬ፣ መች ካድኩ? ጤፉ እስኪመጣ እኔ ዘንድ ይቁም ነው ያልኩት» አለች።

ለዳኝነት የተሰበሰቡት ሽማግሌዎች ግን የጤፉን ነገር ትተው፣ ውሃውን የተሻገረ ከብት አይመለስም በሚል የበሬውን እግር መቁጠር ያዙ። አንዱ ተሻግሯል ሲል ሌላው አልተሻገረም፤ አንዱ የፊቱ ይቆጠር ሲል ሌላው የኋላው፤ የጅራቱን ነገር ያነሳም ሽማግሌ ነበር ይባላል። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ሲከራከሩ እሷ እስከ ጉልበቷ ውሃ ውስጥ ነበረች።

«አባቶቼ፣» አለች በመጨረሻ፣ «እግሩ አራት መሆኑን እኔም አውቃለሁ። የመጣው ጤፍ ስንት ዳውላ ነው?»

ያኔ በሬው በእጇ እንዲቆይ፣ እስከ መጪው ገበያ ጤፉ ካልመጣ ለሌላ እንድትሸጠው ፈረዱ። አልመጣም። በገበያው ቀን በሬውን የገዛ አንድ ገበሬ አራቱን ዳውላ በአህዮች ጭኖ ውሃው ዳር አራገፈላት፤ ሰፍራ ስትጨርስ ገመዱን ለቀቀች፣ ልጆቿም ከዚያ ክረምት ወጡ ይላሉ።

ይህን የነገረኝ ባለቤቴ ፈንታዬ ነው፤ ነፍሱን ይማረው። ልማዱን ከማንም በላይ ያውቅ ነበር። አምና ግን ወይፈኑን ለማዶ ወዳጁ ሲሸጥ፣ ወዳጅን እንዴት ገመድ ይዤ እከተለዋለሁ ብሎ፣ ይሉኝታ ይዞት እዚያው ገበያው ላይ ለቀቀለት። ሰውየው ለቀብሩ ተሻግሮ መጥቶ ከዘመድ ሁሉ ይበልጥ አለቀሰ። ስለ ወይፈኑ ዋጋ ግን ትንፍሽ አላለም።