ብረቱን ማን በላው?

በአንድ የሳሙና ፋብሪካ ውስጥ ማብለጭለጭ የሚወዱ ሥራ አስኪያጅ ነበሩ፤ አቶ ልሳነወርቅ ይባላሉ። ለፋብሪካው ግርማ ይሰጠዋል ብለው የብረቱን የውሃ ቧንቧ ግማሹን አስነቀሉና በቦታው መዳብ አስገጠሙ። ብረትና መዳብ ግን እርጥበት ላይ ከተነካኩ መዳቡ ብረቱን ይበላዋል።

ክረምቱ አልፎ እንግዶች ሊጎበኙ በመጡ ዕለት ቧንቧው መገጣጠሚያው ላይ ፈነዳና የአቶ ልሳነወርቅን አዲስ ሱፍ አራሰው። እሳቸውም የቧንቧ ሠራተኛዋን አስጠርተው በእንግዶቹ ፊት አቆሟት።

«ይኸው! እኔ ያስገዛሁት መዳብ እንደ ሙሽራ ያበራል። አንቺ የዘረጋሽው ብረት ግን ወንፊት ሆኗል። ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ራስሽ ተናገሪና ሥራሽን ልቀቂ!»

ሠራተኛዋ ልጆቿን አሰበችና ፈራች። ምላሷ ግን አልታሰረም።

«ጌታዬ፣ ከአንድ ትሪ ከሚበሉ ሁለት ሰዎች አንዱ ከስቶ ሌላው ፊቱ ቢያበራ፣ ‹ምግቡን ማን ጨረሰው?› ተብሎ የሚያዘው የከሳው ነው እንዴ?»

እንግዶቹ በሳቅ ፈነዱ። አቶ ልሳነወርቅ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እሺ፣ ምን ይሻላል?» አሉ።

«እንዳይነካኩ በመሀላቸው ጎማ ይግባ። ከጎማው ከተረፈ ደግሞ በእርስዎና በእኔ መሀል ያድርጉልኝ፤ እኔም እንደ ብረቱ እየሳሳሁ ነው።»