ጣሪያው ላይ ድንጋይ የሚጭነው ሰው

እኔ እንደሆንኩ የሰማሁትን አልረሳም፤ የተወለድኩ ለት አዋላጇ ምን ለብሳ እንደነበር ልንገርሽ? ቡኒ ቀሚስ፣ ጫፉ የተተረተረ። ስለዚህ ውሸት ነው እንዳትይኝ። «መሬቱ እየተንቀጠቀጠ ባሌ ከቤት አልወጣም አለ፣ ምን ላድርግ?» ነው ያልሽኝ አይደል? ስልኩን ጆሮሽ ላይ ለጥፊና ስሚ።

አንድ ሰው ነበረ። ባህር መሃል ባለች ደሴት ይኖራል። የደሴቲቱ ነፋስ ጉድ ነው፤ ፍየል ታስሮ ካልዋለ ማዶ አገር ተሻግሮ ነው የሚገኘው። ታዲያ የዚያ አገር ሰው ነፋስ ጣሪያውን እንዳይወስድበት ድንጋይ ይጭንበታል። አባቱም እንዲሁ ሲጭን ኖሮ ነው ያለፈ።

አንድ ዓመት መሬቷ መንቀጥቀጥ ጀመረች። የመጀመሪያ ለት ድስቱ ከጉልቻው ወርዶ እስክስታ መታ፣ ዶሮዋ በድንጋጤ እየሮጠች እንቁላል ጣለች፣ ሽማግሌው ሁሉ ሱሪውን ጨብጦ ወጣ። ሰዉ መጀመሪያ ሳቀ፤ ኋላ አለቀሰና ምንጣፉን ተሸክሞ ሜዳ ላይ ሰፈረ።

ሰውዬው ግን ከነፋስ ሌላ ጠላት አያውቅም። ቤቱ ሲነቃነቅ ሲያይ ድንጋይ ጨመረ። ደግሞ ስትንቀጠቀጥ ደግሞ ጨመረ።

ሚስቱ ከሜዳው ትጮህበታለች። «አንተ ሰውዬ፣ ነፋስ ከላይ ነው የሚመጣው፤ ይሄ እኮ ከታች ነው!»

«ታዲያ ከታች ምን ልጫንበት? ዝም በይ! ለማን ብዬ ነው ወገቤ የተቆረጠው?»

እውነቱን ነው፣ ለሷ ብሎ ነው። ብርድ ላይ ስታድር ማየት አንጀቱን በልቶታል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ትልቁን ድንጋይ ጫነና ወርዶ ግድግዳውን በትከሻው ገፋው። ንቅንቅ አላለም። እንደ ሙሽራ ሮጦ ሄዶ እጇን ያዘ። «ነይ፣ አሁን ጠንክሯል። እስቲ አልጋሽ ላይ ጋደም በይ።»

አሳዘናት። «እሺ፣ ላንተ ስል» አለችና ገባች። እሱ ውሃ ሊቀዳላት ወጣ።

የዚያን ቀን የመጣችው መንቀጥቀጥ ትንሽዬ ነበረች። ሜዳ ላይ ከተቀመጠው ሰው ኩባያ ውሃ እንኳ አልፈሰሰም። ጣሪያው ግን ወረደ።

በእጁ ቆፈረ። ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ያውቃቸዋል፤ ይሄ ከወንዙ፣ ይሄ ካባቱ አጥር። ሰው ሊያግዘው ሲመጣ «አትንኩ፣ የኔ ናቸው» አለ። ሚስቱ ጋ ሲደርስ ትንፋሿ የለም።

አየሽ ልጄ፣ ያንቺም ባል እንዲሁ ነው። ክፉ አይደለም። መሬት በተነቃነቀ ቁጥር በዚያ በጭቃ ግድግዳ ላይ ብሎኬት ይደርባል፣ ለናንተ ብሎ። መውደዱ እውነት ነው፤ የሚወድቅባችሁም ያው በመውደድ የደረበው ነው። መሬቷ መንቀጥቀጧን ትተዋለች ብዬ አላጽናናሽም፤ ማን ነግሮኝ? በንግግርም አታሸንፊውም፤ ያቺስ ስትጮህ አልነበር? ብቻ አሳዝኖሽ እንዳትገቢ። ልጅሽን አቅፈሽ ሜዳ ላይ እደሪ፤ እሱ ይቆጣ፣ ይኩረፍ።

ዛሬ ማታ ደውይልኝ። ከቤት ውስጥ አይደለም፤ ሜዳው ላይ ሆነሽ፣ የጎረቤቶችሽን ጫጫታ እየሰማሁ። ካልደወልሽ እኔም አልተኛም።