አያ ጅቦና ቀዩ ሞላ

ተረት አለኝ። «አምጣው» በሉኝ። መራራ ነው። «እንውጠዋለን» በሉኝ። እንግዲህ ዋጡት። እኔን ስነግረው ያንገበግበኛል፤ ለእናንተ ብቻ እንዲጣፍጥ አልፈልግም።

በድሮ ጊዜ፣ አራዊት መኪና በሚነዱበት ዘመን፣ አያ ጅቦ የሚባል ባለመኪና ነበረ። መኪናዋ ነጭ ናት፣ ረጅም ናት፣ አሮጌ ናት። ከቆላው መንደር ተነስታ፣ ዳገቱን ወጥታ፣ ደጋው ላይ ታደርሳለች። በዚያ አገር ሌላ መኪና አልነበረም። መንገዱም መንገድ እንዳይመስላችሁ። ግማሹ ፒስታ ነው፣ ጠጠርና አቧራ። ግማሹ ኮብልስቶን ነው። የቀረው ጉድጓድ ነው።

ሆኖም በመኪናዋ አራት ጎማዎች ላይ አራት አሮጌ ሞላዎች ነበሩ። ሞላ ያው የተጠቀለለው ብረት ነው፣ በጎማውና በመኪናዋ ሆድ መካከል ቆሞ ምቱን የሚቀበለው። ጉድጓድ ሲመጣ ይጎነበሳሉ፣ ጉድጓድ ሲያልፍ ቀና ይላሉ። ይጎነበሳሉ፣ ቀና ይላሉ። ተሳፋሪው ላይ ተቀምጦ ያንቀላፋል። ማን እንደተሸከመለት እንኳ አያውቅም።

አንድ ቀን ቀበሮ መንገድ ዳር ቆማ ሳቀች።

«አያ ጅቦ፣ መኪናህ እኮ ሽመላ መስላለች። ከሆዷ ሥር ጎጆ ቀልሼ ልኖር እችላለሁ። የዘመኑ መኪና ዝቅ ያለ ነው፣ መሬት የሚስም።»

እዚህ ላይ ነው እኔ የምናደደው። ቀበሮ መኪና የላት፣ መንጃ ፈቃድ የላት፣ ዕድሜዋን ሙሉ አንድ ቀን ተሳፍራ አታውቅ። በእሷ ሳቅ ነው ይሄ ሁሉ የመጣው። አያ ጅቦም ያን ትልቅ ጭንቅላቱን ተሸክሞ ለቀበሮ ሳቅ ማፈሩ አይገርማችሁም? አፈረ። በነጋታው መኪናዋን እየነዳ እመት ጦጢት ሱቅ ሄደ። እመት ጦጢት የመኪና መለዋወጫ ትሸጣለች፤ የሸጠችውንም ራሷ ትገጥማለች።

«እንደምን ዋልሽ፣ እመት ጦጢት?»

«ይመስገነው፣ አያ ጅቦ። ምን ጎደለ?»

«መኪናዬን ዝቅ አድርጊልኝ።»

«ዝቅ የሚያደርግ ሞላ ሦስት ዓይነት አለኝ። ጥቁር አለ፣ ሰማያዊ አለ፣ ቀይ አለ። የትኛውን ልስጥህ?»

«ጠንካራውን።»

ልብ በሉ፣ ጠንካራውን አለ። ይህ ቃል በእኛ አገር ስንቱን ገደል ከትቶታል። ጠንካራ ሰው፣ ጠንካራ ሠራተኛ፣ ጠንካራ ጫማ፤ ጠንካራ ከተባለ የማንገዛው ነገር የለም። ጦጢት ጠንካራ ሌላ፣ ግትር ሌላ መሆኑን ታውቃለች። ታውቃለች እያልኳችሁ ነው። ግን አልተናገረችም። «ራስህ ተቀምጠህባቸው ምረጥ» አለችና ሦስቱን ሞላዎች መሬት ላይ አቆመችለት።

አያ ጅቦ ጥቁሩ ላይ ተቀመጠ። ጥቁሩ ሞላ ጎንበስ አለና መልሶ ቀና አደረገው።

«እኔ መኪናህን ሁለት ጣት ዝቅ አደርጋታለሁ» አለ ጥቁሩ። «ከአሮጌዎቹ ትንሽ ጠጠር እላለሁ እንጂ ተሳፋሪህ ልዩነቱን አያውቀውም።»

«ልፍስፍስ» አለው አያ ጅቦ።

ሰማያዊው ላይ ተቀመጠ። ሰማያዊው በመጠኑ ጎንበስ አለ፣ በመጠኑ ቀና አለ።

«እኔ ሦስት ጣት ዝቅ አደርጋታለሁ» አለ ሰማያዊው። «አጭር ስለሆንኩ ሆዷ መሬት እንዳይመታ ጠንከር ማለት አለብኝ። ተሳፋሪህ ጉድጓዱ ይሰማዋል፣ ግን አይጎዳም። ለመሆኑ የምትሄድበት መንገድ ምን ዓይነት ነው?»

«ደግሞ ሞላ ጥያቄ ይጠይቃል እንዴ? አንተም ልፍስፍስ ነህ።»

ቀዩ ላይ ተቀመጠ። ቀዩ ሞላ ንቅንቅ አላለም። የአያ ጅቦ ጅራት አጥንት እስከ ማጅራቱ ነዘረው።

«እኔ አራት ጣት ዝቅ አደርጋታለሁ» አለ ቀዩ። «ለማንም አልጎነበስም። ለስላሳ አስፋልት ላይ ብትነዳኝ፣ መኪናህ ኩርባ ስትዞር ወደ ጎን አትዘምም።»

«አስፋልት ባይኖርስ?» ሲል ሰማያዊው ጠየቀው። «ሸክሙ ቀላል ሆኖ ሊያጎነብስህ ያልቻለ ቀንስ?»

«አልጎነበስም አልኩ።»

«ጠንካራ ማለት ይሄ ነው» አለ አያ ጅቦ መቀመጫውን እያሻሸ። መቀመጫው ነግሮታል፤ ጆሮው ግን አልሰማም።

ጦጢት መኪናዋን በክሪክ አነሳች። አራቱን አሮጌዎች ፈትታ አውጥታ ጓሮ ወረወረቻቸው፤ አራት ቀያዮች ገጠመች። ከሞላው ጋር ሆኖ መንጠሩን የሚያበርደው አሞርዛተር «እኔ የተሠራሁት ከአሮጌዎቹ ጋር እንድሠራ ነው፣ ከእነዚህ ጋር ዕድሜ አይኖረኝም» ብሎ አጉረመረመ። ማን ሰምቶት።

ቀበሮ መኪናዋን አየቻት። «አሁን ገና መኪና ሆነች» አለችና ወደ ጉዳይዋ ሄደች። ዳግመኛም ዞራ አላየቻትም።

በማግስቱ እመት ዶሮ መጣች። ቅርጫት ይዛለች፣ በቅርጫቱ ጭድ፣ በጭዱ ውስጥ አሥራ ሁለት እንቁላል። ቆላው ላይ ጭልፊት አለ። ካቻምና ጫጩቶቿን ጨረሰባት፣ አምናም ጨረሰባት። ደጋው ላይ እህቷ ዘንድ ጭልፊት የማይደፍረው ጥሩ ቤት አለ። እዚያ ሄዳ ልትታቀፋቸው ነው።

«አያ ጅቦ፣ እርስዎን አምኜ ነው የመጣሁት። እነዚህን ልጆች በደኅና ያድርሱልኝ። ሌላ የለኝም።»

«ግቢ፣ እመት ዶሮ። መኪናዬ አሁን ጠንካራ ሆናለች።»

ተነሡ። ፒስታው ላይ ወጡ። ጓ! ቀዩ ሞላ አልጎነበሰም። ምቱ ጎማውን አለፈ፣ ሞላውን አለፈ፣ ወንበሩን አለፈ፣ ቅርጫቱ ውስጥ ገባ። ሁለት እንቁላል ተሰበረ።

«እማዬ፣ ማነው የሚመታን?» አሉ እንቁላሎቹ።

«መንገዱ ነው፣ ልጆቼ። አያ ጅቦ፣ እባክዎ ቀስ ይበሉልኝ።»

«ቀስ ብያለሁ። የመንገዱ ጥፋት ነው።»

ኮብልስቶኑ ላይ ወጡ። ጓ! ቀዩ ሞላ አልጎነበሰም። ምቱ ጎማውን አለፈ፣ ሞላውን አለፈ፣ ወንበሩን አለፈ፣ ቅርጫቱ ውስጥ ገባ። ሦስት እንቁላል ተሰበረ።

«እማዬ፣ ማነው የሚመታን?»

እመት ዶሮ ወደ አያ ጅቦ ዞረች። «አያ ጅቦ፣ በፈጠረዎት ያቁሙልኝ፣ በእግሬ ልሂድ።»

«ዳገት ላይ አላቆምም። የእንቁላሎችሽ ቅርፊት ስስ ሆኖ ነው።»

እመት ዶሮ ቅርጫቱ ውስጥ ዘላ ገባች። የቀሩት ሰባት በመንገጫገጩ ብዛት ወዲያና ወዲህ ተበታትነዋል። አንዱን ደረቷ ሥር ሳበች። ሁለተኛውን ሳበች። ሦስተኛውን ሳበች። አራተኛውን ልትስብ አንገቷን ስትዘረጋ ጉድጓዱ መጣ። ጓ! ቀዩ ሞላ አልጎነበሰም። አራት እንቁላል ተሰበረ።

በዚህኛው ጊዜ «እማዬ» ያለ አልነበረም። የተረፉት ከደረቷ ሥር ያሉት ሦስቱ ብቻ ነበሩ።

አያ ጅቦ አሁን አቆመ። አስኳሉ በወለሉ ቀዳዳ ወርዶ ቀዩ ሞላ ላይ ተንጠባጠበ።

«አንቺስ ብትሆኚ፣ እንቁላል ይዘሽ ጉዞ ምን አስወጣሽ?» አላት።

እመት ዶሮ ወረደች። እስከዚያች ሰዓት ድረስ «እርስዎ» ስትለው ነበር።

«ስማ፣ አንተ ጅብ» አለችው። «መንገዱ ትናንትም ይሄው መንገድ ነው። ቅርፊቱ ትናንትም ይሄው ቅርፊት ነው። እናቴ በዚችው መኪና እንቁላሎቿን ይዛ ይሄንኑ ዳገት ወጥታለች፤ አንድ አልተሰነጠቀባትም። አንተ ነህ ሞላውን የለወጥከው። ለቀበሮ ዓይን ብለህ።»

አያ ጅቦ መሬት መሬት አየ። ከሥር ግን ቀዩ ሞላ መለሰላት።

«እኔን ለምን ትወቅሺኛለሽ? አልታጠፍኩ፣ አልተሰበርኩ። ጠንካራ ነኝ።»

«ጠንካራስ ልጆቼ ነበሩ» አለች እመት ዶሮ። «አንተ አልሸከምም ያልከውን ምት እነሱ ተሸክመው ነው የሞቱት። ምት እንደው በኖ የሚጠፋ መሰለህ? አንተ ካልተቀበልከው ወደ ላይ ይወጣል፤ ወጥቶም ስሱን ፈልጎ ያገኛል። እንጀራህ መጎንበስ ነበር። አልጎነበስም ብለህ ኮራህበት። አፈር ያስበላህ።»

ሦስቱን በክንፏ ሥር ሸጉጣ ዳገቱን በእግሯ ተያያዘችው።

ወሬው ቆላ ደጋውን አዳረሰ። ፍየል በእግሬ አለች። ጥንቸል በእግሬ አለች። ኤሊ እንኳ፣ ዳገቱ ስንት ቀን እንደሚፈጅባት እያወቀች፣ በእግሬ ይሻለኛል አለች። በመጨረሻ እመት ጦጢት ራሷ ቢከነክናት አሮጌዎቹን ሞላዎች ከጓሮ ለቅማ መጣች።

«አያ ጅቦ፣ ልመልስልህ?»

«መኪናዋን መልሶ ከፍ አደረጋት ልባል? አላደርገውም። ጠንካራ መኪና ነው ያለኝ።»

እሱም እንዲሁ ብቻውን ይነዳል፣ ወገቡን እያመመው። መኪናዋ ዝቅ ብላ ታበራለች፤ ከኋላ ወንበሩ ባዶ ነው፣ የደረቀ አስኳል አለበት። የአሞርዛተሩ ዘይት ከፈሰሰ ቆይቷል። እመት ዶሮ ደጋው ላይ ሦስት ጫጩት ታሳድጋለች፤ ጎረቤቶቿ «ሦስት ቆንጆ ልጆች» ሲሏት «አሥራ ሁለት ናቸው» ትላለች።

ምን ያስቃችኋል? በየቤታችሁ እኮ አንድ ቀይ ሞላ አለ፤ አልጎነበስም ባለ ቁጥር «አቤት ጥንካሬ» የምትሉት። ከላዩ ማን እንደተቀመጠ ቀና ብላችሁ አይታችኋል? እኔ ተረቴን መልሱ አልልም፣ አፌንም በዳቦ አታብሱልኝ። ይህችን ብቻ ያዙ፦

ሞላ አልጎነበስ ሲል፣ እንቁላል ይሰበራል።