ከመስታወቱ ወዲያ የቆመው ቢጫ

በአንድ ወቅት፣ ጀልባ እንኳ በስልክ በሚጠራበት በዚህ በእኛ ዘመን፣ ከአንድ ሰፊ ሐይቅ ዳር ባለች ከተማ ወላጆቻቸውን በልጅነታቸው ያጡ ሦስት እኅትና ወንድሞች ይኖሩ ነበር። ታላቋ ትርሲት ቀለምና ቅርጽ አዋቂ ነበረች። መካከለኛው አንዳርጌ ኮድ ጸሐፊ ነው፤ ስልክ የሚያስበውን ያስባል ይባልለታል። ትንሹ ልጃለም ደግሞ ዋናተኛ ነው፤ በእግሩ ከመሄዱ በፊት መዋኘት የጀመረ እያሉ ይቀልዱበታል። የሚኖሩት አቶ መንበሩ በሚባሉ ሽማግሌ ግቢ ውስጥ ነበር።

አቶ መንበሩ ሸጋው የሚባል አንድ ልጅ ነበራቸው፤ ጀልባ ነጂ። ባለፈው ክረምት ማዕበል ጀልባውን ገልብጦ ወደ ዳር ተፋው፤ ሸጋውን ግን አልመለሰም። ጎረቤት ድንኳን ሊጥል ሲመጣ ሽማግሌው ከለከሉ።

«ሬሳ ያላየ ዓይን አያለቅስም» አሉ። እርማቸውን ሳያወጡ፣ የግቢውን በር ሳይዘጉ ከረሙ።

በዚያው ዓመት የጀልባ ባለቤቶች ማኅበር ለሦስቱ የአፕ ሥራ ሰጣቸው። ወደቡ ላይ ካሜራ ተተከለ፤ ተሳፋሪው ስልኩን ሲከፍት የሐይቁን ውሃ በዚያው ሰዓት እንዳለ ያያል፤ በላዩም የጀልባዎቹ መነሻ ሰዓት ተጽፏል። ያስቸገረው ፊደሉ ነበር። ውሃው ሲያብረቀርቅ ነጩ ጽሑፍ ይጠፋል። ትርሲት መላ ዘየደች፤ በምስሉና በጽሑፉ መካከል ጉም የለበሰ መስታወት የሚመስል ሽፋን ዘረጋች፤ የመታጠቢያ ቤት መስኮት ላይ እንደሚገጠመው ያለ፣ ብርሃንና ቀለም የሚያሳልፍ፣ መልክ ግን የማያሳልፍ። ፊደሉ ጥርት አለ፤ ሐይቁም ከኋላው ሰማያዊ ጉም ሆኖ በቀስታ ይነቃነቃል። ሰዉ ወደደው።

አንድ ቀን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ትርሲት አፑን ከፍታ የፊደሉን መጠን ስታስተካክል፣ ከመስታወቱ ወዲያ ቢጫ ነገር ቆሞ አየች። ጀልባ መሰላት። መስታወቱን በጣቷ ወደ ታች ሳበችው፤ ጥርት ባለው ምስል ላይ ያለው ውሃ ብቻ ነው። መለሰችው፤ ቢጫው ከቦታው አልተነቃነቀም። ቁመቱ የሰው ቁመት ነበር። 

«ስህተት ነው፣ እትዬ» አላት አንዳርጌ። «መስታወቱ ከኋላው ያለውን ነው የሚያደበዝዘው። የሌለውን ከየት ያመጣል?»

«እኔም እሱን ነው የምጠይቅህ።»

በማግስቱም ቆሞ ነበር፤ እንዲያውም ቀረብ ብሎ። ሸጋው በጠፋ ዕለት ቢጫ የዝናብ ልብስ ለብሶ እንደነበር ከተማው ሁሉ ያውቃል። ትርሲት ብትናገር እብድ ልትባል ነው፤ የሽማግሌውንም ቁስል ልትነካ ነው። ዝም ብትል ደግሞ ሰውየው ነገም እዚያው ሊቆም ነው።  ከወንድሞቿ ጋር ሄዳ ለአቶ መንበሩ ነገረቻቸው።

አቶ መንበሩ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።

«ትከሻው ነው» አሉ። «ልጄ ግራ ትከሻው ዘንበል ይል ነበር።» ቀጥለውም ሦስቱን አዩዋቸው። «እርሜን እንዳወጣ ያበቃኝን፣ አውራ ጣቴን ማር ውስጥ ነክሬ አጥብቼ የጡት ልጄ አደርገዋለሁ። የሸጋው ቦታ ግን አንድ ነው፤ ለሁለት አይከፈልም።»

ሦስቱም «ልጄ» የሚላቸው ሰው አልነበራቸውም። ቃሉ በሦስቱም ልብ ውስጥ ገባ።

አንዳርጌ ተነሣ። የመስታወቱን ጉም የሚያወፍረውና የሚያሳሳው እሱ ነው። ጨርሶ ቢያነሣው ቢጫው እንደሚጠፋ አይቷል፤ ስለዚህ በጥቂት በጥቂቱ አሳሳው። ጉሙ በሳሳ ቁጥር ሰውየው ይቀርባል። መጀመሪያ ትከሻው ተለየ፤ ከዚያ እጁ፤ ከዚያ ከልብሱ የሚንጠባጠበው ውሃ።

«እዚህ ላይ ተው» አለችው ትርሲት። «ፊቱ እንዳይመጣ።»

«የት እንዳለ ሳይነግረን?»

ትንሽ አሳሳው። ሰውየው ፊቱን ወደ እነሱ አዞረ። ትርሲት ዓይኗን ጨፈነች፤ አንዳርጌ አልጨፈነም። ሰውየው እጁን አንሥቶ በስተምሥራቅ ውሃው ዳር ወደበቀለው ደንገል ሲጠቁም አየ፤ ወዲያው ስክሪኑ ጠቆረ። ፊቱ ምን ይመስል እንደነበር ለማንም አልተናገረም። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ግን የሰው ፊት ሁሉ ጉም ለብሶ ይታየዋል፤ እኅቱን እንኳ የሚለያት በድምጿ ነው።

ጎሕ ሲቀድ ልጃለም ወደ ደንገሉ ወረደ። ጀልባ ነጂዎቹ ለመኑት፤ እዚያ ደለሉ ሰው ይውጣል፣ የደንገሉ ሥርም እግር ያስራል። ልብሱን አውልቆ ገባ። ትርሲት ዳር ቆማ ጠበቀች። ውሃው ከላዩ ገጠመ፤ ወፍ እንኳ አልጮኸም። ወንድሜን ሐይቁ ወሰደብኝ ብላ ልትጮህ ስትል ብቅ አለ፤ ቢጫ ልብስ የለበሰ አጽም እንደ ሕፃን ታቅፏል።

«ታች ዓይን አያይም» አላት። «እጄን ይዞ የመራኝ አለ።»

ያ እጁ እስከ ዛሬ እሳት ዳር ቢቀመጥ አይሞቅም።

አቶ መንበሩ አለቀሱ። ፍትሐት ተደረገ፤ ድንኳን ተጣለ፤ ሽማግሌው እርማቸውን አወጡ። ከአርባው በኋላ የሰፈሩን ሽማግሌዎች ጠርተው፣ ማሩን በዋንጫ አቅርበው ሦስቱን አስቀመጡ።

ልጃለም ቀደመ። «በማየት የተቀበረ ሰው የለም» አለ። «ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

አንዳርጌ ወደ ድምፁ ዞረ። «ሐይቁ ሰፊ ነው፣ ወንድሜ። ዓይኔን ሰጥቼ ባላሳይህ የት ትጠልቅ ነበር?»

 ሁለቱንም ትርሲት ናት ያሳደገቻቸው። እንጀራ ከአፏ ቀንሳ ላጎረሰቻቸው ወንድሞቿ ይህንንም ልትተውላቸው አሰበች፤ ልቧ ግን እምቢ አላት፤ እሷንም ያሳደጋት አልነበረምና።

«እኔ ባልናገር ኖሮ ሁለታችሁም ቤት ተቀምጣችሁ ነበር» አለች። «እናንተ ደግሞ ጨርሳችኋል፤ እኔ አልጨረስኩም።» ስልኩን ከፍታ ሽማግሌዎቹ ፊት አኖረችው።

ከመስታወቱ ወዲያ ቢጫው የለም። በምትኩ በሐይቁ ዳር ከጫፍ እስከ ጫፍ ሐይቁ የበላቸው ሌሎች ቆመዋል፦ ነጭ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፤ አንዳንዱ ቁመቱ የልጅ ነው። ማኅበሩ መስታወቱን እንድታነሣ አዟታል። እሷ ግን እምቢ ብላ፣ በየምሽቱ አንድ በአንድ እያየች ማን የማን እንደሆነ ቤተ ዘመዶቻቸውን ትጠይቃለች። ከመስታወቱ ወዲያ ያሉትም ያዩዋታል።

አንደኛው ሽማግሌ ስልኩን ደፉት። «የጀመረው ባለቤት ነው» አሉ። ሁለተኛው፣ «የለም፤ ዋጋ የከፈለ ነው» አሉ። ሦስተኛው፣ «ሬሳ ያመጣ ነው እንጂ፤ ቃሉስ ስለ ሬሳ አልነበረም ወይ?» አሉ። ክርክሩ ፀሐይ እስክትጠልቅ አልበረደም። አቶ መንበሩ አውራ ጣታቸውን ማሩ ውስጥ ነክረው ሦስቱን እያፈራረቁ ያያሉ።

እንግዲህ እናንተ ፍረዱ። አይታ የተናገረችው፣ ፊቱን ተጋፍጦ ያሳየው፣ ውሃ ገብቶ ያወጣው፤ ከሦስቱ የሸጋው ቦታ የሚገባው ለማን ነው?