የጭልፊቶቹ ግንብ

ተረት ተረት ብያለሁ፤ እናንተም ረጋ ብላችሁ አድምጡኝ።

በድሮ ዘመን በኢጣሊያ አገር አንድ የጭልፊት ዘር ገደል ላይ ግንብ ሠርቶ ይገዛ ነበር። በዚያ ቤት ወንድም ወንድሙን ገድሎ መንገሥ ስለ ተለመደ፣ ዙፋኑን የያዘው ሁሉ የወንድሞቹን የክንፍ ላባ በየዓመቱ ይነቅል ነበር።

አንድ ቀን ገዢው ጭልፊት አደን ወጥቶ ክንፉ ተሰበረና በእግሩ እያዘገመ ተመለሰ። ገና ሳያርፍ አንድ ዘንዶ በግንቡ ላይ እየተጠመጠመ ሲወጣ አየ። ሁለቱን ወንድሞቹን ጠራና፣

«ቶሎ ብረሩ! ዓይኑን አጥፉልኝ!» አላቸው።

«በምን ክንፍ፣ ወንድም ጋሼ?» አለ ታናሹ። «ላባችን ያለው አንተ የምትተኛበት ትራስ ውስጥ አይደል?»

ዘንዶው ራሱን በመስኮት አስገብቶ ሦስቱንም አያቸው።

«እኔ መዋጥ የምፈልገው ገዢውን ብቻ ነው» አለ። «የዚህ ቤት ጌታ ማንኛችሁ ነው?»

ለዚያ የጌትነት ስም ሰባት ትውልድ ተላልቋል። አሁን ግን ገዢው ፈጥኖ ወደ ታናሹ ጠቆመ፤ ታናሹ ወደ መካከለኛው፣ መካከለኛውም ወደ ገዢው።

«እንግዲያው ሦስታችሁም ናችሁ» አለ ዘንዶው።

እኔ የሰማሁትን አደረስሁ፤ እናንተ በደህና ዋሉ።